ስሙን ብቻ ቀይሪ

ከአሶሳ የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነው፣ የመግሪብ አዛን እየተሰማ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ስደት ሲባል ሁልጊዜ ድቅድቅ ጨለማና የውሻ ጩኸት ነው የሚታያችሁ። የኔ እንደዚያ አልነበረም። ሰው ከገበያ እየተመለሰ፣ ባጃጆቹ እየተጋፉ፣ ማንጎ ሻጮቹ የተረፋቸውን ከምረው "ውሰዱ፣ ለነገ አያድርም" እያሉ ነው የሄድኩት። እናቴ ከአምባ ዘጠኝ ድረስ መጥታ ነበር። አምባ ዘጠኝ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ሰው ካሰፈረባቸው መንደሮች አንዱ ነው፤ ስም ለማውጣት እንኳ ሳይደክሙ ቁጥር ሰጥተውት ቀረ። እዚያ ነው የተወለድኩት። እናቴ አላለቀሰችም። ሻርፔን አስተካከለችልኝና "ሰው ከጠየቀኝ ወልድያ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች እላለሁ። አንቺ ብቻ ሂጂ፣ አብሽሪ" አለችኝ።

ጭነት መኪናው ጋ የሚጠብቀኝ ሐሚድ ነበር። ሐሚድ የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ከኩርሙክ አሶሳ እየተመላለሰ ሳሙናና ስኳር ይነግድ ነበር። "ሰዓዳ፣ ቶሎ ውጣ፣ ሹፌሩ አንተን አይጠብቅም" አለኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ሲቸኩል ወንድ ያደርገኛል። ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም በትክክል "አንቺ" ካለኝ ተቆጥቷል ማለት ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ለምን እንደወጣሁ ካልነገርኳችሁ እዚህ የገጠመኝ ጉድ አይገባችሁም። ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ፀሐፊ ነበርኩ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም እኛ ጋ ነው የሚጻፈው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ማንም ከባዶ አይጀምርም። የባለፈውን ሰው ውል ከፍተን፣ ከበደ ያለበትን አህመድ እናደርጋለን፣ ቀኑን እንቀይራለን፣ አትመን እንሰጣለን። አንዳንዴ ስንጣደፍ አንድ ከበደ መሃል ላይ ያመልጠንና ባለጉዳዩ "ይሄ ደግሞ ማነው? ከኔ ጋር ሊኖር ነው?" እያለ ይመለሳል።

አንድ ሰሞን ታዲያ በከተማው አንድ ወረቀት ተበተነ። "የሰፋሪ ሽማግሌዎች የምስጢር ስብሰባ" ይላል። ሰፋሪዎቹ ተሰብስበው መሬቱን እንዴት እንደሚነጥቁ፣ ቢሮዎቹን እንዴት እንደሚይዙ፣ የአገሬውን ወጣት በመጠጥ እንዴት እንደሚያደነዝዙ ሲማከሩ ቃል በቃል ተጽፏል። የት እንደተሰበሰቡ የለም፣ መቼ የለም፣ ማን ጻፈው የለም። ሰብሳቢ ተብለው የተጠቀሱት አባቴ ናቸው። አባቴ ያኔ ከሞቱ ከርመዋል። እኔ ስንት የእድር ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ እድር ላይ የድንኳን ካስማ ማን ወሰደ ተብሎ ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃሉ እንጂ፣ ሰው ተነስቶ "እኛ ክፉዎች ስለሆንን ክፋታችንን እንቀጥል" ብሎ በድምፅ ብልጫ አያስወስንም። ወረቀቱ ላይ ግን አንድም የሚከራከር የለም። ሁሉም ይስማማል፣ ሁሉም በራሱ ክፋት ይኮራል። ጠላት ስለ ጠላቱ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ንጹሕ የለበሰ ወጣት ፍላሽ ይዞ ጽሕፈት ቤቷ መጣ። ፋይሉን ስከፍተው ያው ወረቀት ነው። "ሰፋሪ የሚለውን በሙሉ በርታ አድርጊው" አለኝ። "የሽማግሌዎቹን ስም እኔ እነግርሻለሁ። ሌላው እንዳለ ይሁን። ስሙን ብቻ ቀይሪ።"

እንዲህ ነው ያለኝ፣ የቤት ኪራይ ውል እንደሚያሳድስ ሰው። ያስጠላኝ ጥላቻው ብቻ አልነበረም፤ ለጥላቻው እንኳ አዲስ ነገር ለመጻፍ አለመድከሙ ነው። ለእኛ የሰፉትን ልብስ ለእነሱ ሊያለብሱ ነው። አልጽፍም አልኩት። "ፀሐፊ ሞልቷል" አለኝ እየሳቀ፣ "አንቺ ግን አይተሽዋል።"

ወረቀቱ ሌላ ቦታ ተጽፎ ወጣ። ሰብሳቢ የተባሉት ሼህ ኢድሪስ ነበሩ፣ ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ፣ የሐሚድ አጎት። ከመስጊድ ሲመለሱ ወረቀቱን ያመኑ ሰዎች መንገድ ላይ ደበደቧቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሱም። ከቀብራቸው በኋላ ሐሚድ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ፊቴ ቆመና "አንተ ነህ የጻፍከው?" አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አመነኝ። እኔን ማመን አልነበረበትም፤ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ ጣቴም ፊደል ላይ ነው የሚውለው። አመነኝ ግን። ያ ወጣት በጽሕፈት ቤቷ ፊት ለፊት መመላለስ ሲያበዛ "እኔ እወጣለሁ፣ ከፈለግህ እንሂድ" ያለኝም እሱ ነው።

ኩርሙክን አልፈን ሱዳን ውስጥ ደማዚን ስንደርስ ወባ ጣለኝ። ሐሚድ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አደረሰኝ፣ ሴት ልጅ አዝሎ ሲያልፍ የሳቁበትን ሁሉ እየተሳደበ። ካርቱም ሻይ እየሸጥኩ ኖርን፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከዚያም ተነሳን። ሊቢያን አልጽፈውም። ባሕሩንም እንደዚያው። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አላህ አያሳየው።

አሁን ያለነው አንትወርፕ ነው፣ ቤልጂየም። ዝናቡ እንደኛ አይደለም። የአሶሳ ዝናብ ሲመጣ ቀርቀሃውን አስጎንብሶ፣ መንገዱን ጎርፍ አድርጎ፣ ጨርሶ ይሄዳል። የዚህኛው እንደ ለማኝ ደጅ ላይ ቆሞ ይውላል። ማንጎ አለ፤ አንድ በአንድ ተለጣፊ ተለጥፎበት በሙሽራ ወግ ተቀምጧል። ጣዕሙ ግን ሳሙና ነው። ሰላምታም ዝም ብሎ አይገኝም፤ ለሁሉም ነገር አፍስፕራክ ያስፈልጋል፣ ቀጠሮ ማለት ነው። ለሐኪም አፍስፕራክ፣ ለባንክ አፍስፕራክ። ኸሜንተ የሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸው ሄጄ አፍስፕራክ ለመያዝ ፈልጌ ነው ብላቸው "ለእሱ አፍስፕራክ አለሽ?" አሉኝ።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝ ባለሥልጣን ደግ ፊት ነበራት። "ወረቀቱ ሐሰተኛ ከነበረ ሰዎች ለምን አመኑት?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም "ይሄንንማ እናንተን ልጠይቅ ነበር" አልኳት። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከመተርጎሙ በፊት ወደኔ ዞር ብሎ "አሶሳ ግን ኮምፒውተር አለ እንዴ?" አለኝ። የለም፣ በቀርቀሃ ነው የምንጽፈው አልኩት። እሱን አልተረጎመውም።

የቤት አከራዩ ደግሞ ጉድ ነው። ሁይስባስ ይሉታል። ውሉ ላይ ሽንኩርት ማቁላላት ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አስገብቷል። "ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ እንዴት ይሠራል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ቅቀሉት" አለኝ። መጋረጃው ሳይታጠብ የማጠቢያ ያስከፍለናል፣ የተበላሸውን ማሞቂያ አሠራልን ስንለው "ሹራብ ልበሱ" ይለናል። በየክፍላችን ነው የምንኖረው፤ አብሮን ተክሌ የሚባል ልጅ አለ፣ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ። ሁይስባሱ በመጣ ቁጥር "አይሁድ ስለሆነ እኮ ነው" ይላል ተክሌ። ሰውዬው አንገቱ ላይ የጣት ርዝመት መስቀል አንጠልጥሏል። ብነግረው ተክሌ "መሸፈኛ ነው" ይለኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። አከራዩን ፊት ለፊት ደፍሮ አይናገርም፤ መንገድ ላይ በሰላም የሚሄደውን ባለ ጥቁር ባርኔጣ አይሁድ ግን ከኋላው ይረግማል።

እኔ የምሠራው አይሁድ ዘንድ ነው። ማዳም ሪቭካ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት፣ በትንሽ ማብሰያ ቤት ለቅዳሜ ሰንበታቸው ዳቦና ምግብ እየሠራች የምትሸጥ ሴት። የወተት ዕቃና የሥጋ ዕቃ እዚያ አይገናኙም፤ ለየብቻ ይታጠባሉ፣ ለየብቻ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቀን እንዴት እንደምታስረዳኝ ተጨንቃ ነበር። እኔ ምን ይገርመኛል? አሶሳ ሠርግ ላይ የእስላምና የክርስቲያን ድስት በየዳሱ ተለይቶ ሲጣድ ነው ያደግኩት። ሪቭካ ደግ ናት ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዱቄት ካፈሰስኩ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ግን ምሳዬን ሳልበላ አታስነሳኝም።

አንድ ቀን የምኩራባቸው ኮሚቴ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ደረጃው ሥር የሕፃናት ጋሪ ይቁም ወይስ አይቁም ነው ጉዳዩ። ጠረጴዛ ተደበደበ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፣ ረስቶት የሄደውን ዣንጥላ ሊወስድ ተመለሰ፣ በዚያው ቁጭ ብሎ ክርክሩን ቀጠለ። እኔ ሊጥ እያቦካሁ የአምባ ዘጠኝ እድር ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅኩ። ጋሪው ሳይወሰን ነው የተበተኑት።

ከሐሚድ ጋር ተጫጭተናል። ሽማግሌዎች እዚያው አገር ቤት ተላልከው ጨርሰውልናል፤ ኒካሁን የእሱም የመኖሪያ ወረቀት እንደኔ ሲወጣ እናስራለን ብለን ነበር። ወረቀቱ ግን አልወጣም። ነጋቲፍ መጣበት፣ ተቀባይነት አላገኘህም ማለት ነው። ይግባኝ አለ፣ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ካርቶን እያነሳ ይጠብቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ተለወጠብኝ። እሁድ እሁድ ከሰዓት ተክሌ ክፍል ገብቶ በሩን ዘግተው ማንበብ ጀመሩ።

የሚያነቡት ምን እንደሆነ የሰማሁት ተክሌ ሥራ ሊሰጠኝ ሲመጣ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር በአማርኛ የተተረጎመ ጽሑፍ ነው። ፊደሉ የተበላሸ ስለሆነ አስተካክዬ እንድጽፈው ፈለገ፤ ለበዓል ስንሰባሰብ ሊያድለው። ከፈትኩት። የአይሁድ ሽማግሌዎች በምስጢር ተሰብስበው ባንኩን እንዴት እንደሚይዙ፣ ጋዜጣውን እንዴት እንደሚገዙ፣ ሕዝቡን በመጠጥ እንዴት እንደሚያደነዝዙ ሲማከሩ ቃል በቃል ተጽፏል።

ወላሂ፣ ያው ወረቀት ነው። የት ተሰበሰቡ? የለም። ማን ጻፈው? የለም፤ "ከምስጢር ቦታ የተገኘ" ይላል። ማን ተቃወመ? ማንም። ሁሉም ተስማምቶ፣ ሁሉም በክፋቱ ኮርቶ። በአንድ ጋሪ መስማማት ያቃተው ያ ኮሚቴ! ያ ፍላሽ የያዘው ወጣት ጠረኑ ሳይቀር አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

በማግስቱ ለሪቭካ በተሰባበረ ደችኛዬ ነገርኳት። ሊጡን መጠቅለሏን አላቆመችም። "በእናንተ ቋንቋም አለ?" አለችኝ። "አያቴ በነበረበት አገር በራሳቸው ቋንቋ አነበቡትና በራችንን ሰበሩ። ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠው እኔ ሳልወለድ ነው። አይሁድ የሚል ቃል ከሌለበት፣ አንድ ንጉሥን ለመንቀፍ ከተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ነው የገለበጡት። ጋዜጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አትሞ አሳየ።" ከዚያ "ምን ጠቀመ?" ብላ ትሪውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ለካ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። የሌላውን ሰው ወረቀት ይከፍታሉ፣ ስሙን ይቀይራሉ፣ ያትማሉ።

የዚያን ዕለት ሐሚድን ለብቻው አነጋገርኩት። ሐሚድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄንን የምለው ስለምወደው አይደለም። "ይሄ እኮ የሼህ ኢድሪስ ወረቀት ነው" አልኩት።

"ያ ወረቀት ነው። ይሄ ኪታብ ነው" አለኝ፣ መጽሐፍ ማለቱ ነው። "ያኛውን ዱርዬ ጻፈው። ይሄን ዓለም ሁሉ ያነባል።"

"ዓለም ሁሉ ስላነበበው ውሸቱ እውነት ሆነ?"

"አንተ እነሱ ቤት ትበላለህ፣ ስለዚህ ዝም ትላለህ። የኔን ወረቀት ማን ከለከለ? ማን ነው ከላይ ያለው?"

"የከለከለህ ቢሮ ነው። ይግባኝህን ተከታተል። ሪቭካ ምን አደረገችህ?"

"ኸላስ፣ በቃ፣ ሰዓዳ። አንቺ አይገባሽም" አለኝ። አንቺ አለኝ፣ በትክክል። በጀርባው አዝሎኝ የሄደ ሰው ያንን ቆሻሻ እንጀራው አድርጎ ሲበላ አይቼ ዝም ብዬ ኒካሕ ላስር ነው? ልጆቼንስ ይሄንኑ ሊያስቀራቸው ነው? ስንተጫጭ ያደረገልኝን ቀለበት እመልሳለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር አልኩ።

የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ሐሙስ ዕለት አሮጌ ላፕቶፔን ከፈትኩና ተክሌ የሰጠኝን ጽሑፍ አንዱን ምዕራፍ ወሰድኩ። አይሁድ የሚለውን በሙሉ በርታ አደረግሁት። ሌላ አንድ ፊደል አልነካሁም። አንዲት ቁልፍ ነች፤ ተጫንኳት፣ ሁሉም ተቀየረ፤ አረፍተ ነገሩ አንዱም አልተንገዳገደም። ዓርብ ማለዳ ወደ ሪቭካ ስሄድ በሐሚድ ስልክ ላይ ላክሁለት። በምሳ ሰዓቱ ያነበዋል፣ ደሙ ይፈላል፣ ማታ ከየት እንደመጣ እነግረዋለሁ። ያሰብኩት ይሄንን ነው። ዓርብ ሪቭካ ዘንድ ሥራው ስለሚጣደፍ ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ሐሚድ ወጥ ቤት ቆሞ ይጠብቀኛል። ዓይኑ ቀልቷል። "አነበብህ?" አለኝ። "እዚህም መጡብን። ቤልጂየም ድረስ። ስለ በርታ እንደዚህ የሚጽፍ ማነው? ከየት አገኘኸው?"

"እኔ ነኝ። ተክሌ ከሰጠኝ ላይ። ስሙን ብቻ ቀየርኩ። አይሁድ የነበረውን በርታ አደረግሁት።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከተክሌ ክፍል ያንኛው ጽሑፍ ያለበትን ስልክ አምጥቶ ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"እሁድ እሁድ ይሄን እያነበብኩ እውነት ነው ብዬ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ ነበር" አለ። "የአጎቴ ገዳዮችም እንደዚህ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ነው።" እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ሰውዬ ተመለሰልኝ አልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቀለበቱን በጣቴ ጨብጬ ያዝኩት።

ቀና አለና "ልኬዋለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ተናድጄ ነበር። ሳነበው ወዲያው ለአልአሚን ላክሁት።"

አልአሚን አሶሳ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ደወልን። አነሳ። ስልኩን ከሐሚድ እጅ ነጥቄ "አልአሚን፣ ያ ወረቀት ውሸት ነው፣ ለማንም እንዳታሳይ" አልኩት።

"ውሸት መሆኑን እናውቃለን እኛ" አለ። "ግን ማን ጻፈው? ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚጠይቀው። ከጁምዓ በኋላ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ልኬዋለሁ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሐሚድን ለማስተማር ነው። ለማሳየት ነው፣ ይገባሃል?"

ከሰዎች ጋር እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ከኋላው ድምፅ ይሰማል።

"አንተ?" አለኝ። "የአምባ ዘጠኝ ልጅ?"

"አዎ፣ ግን ስማኝ..."

"እሺ። ሰፋሪ ነው የጻፈው ማለት ነው" አለ፣ ለኔ አይደለም የሚለው፣ አጠገቡ ላሉት ነው። ሐሚድ ስልኩን ወስዶ በበርታኛ ጮኸበት፣ ለመነው፣ ማለለት። ተዘጋበት። መልሶ ደወለ። አይነሳም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከተጫጨን ወዲህ ግን የሐሚድ እናት በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ከአሶሳ ወደ እሷ ትመጣለች፤ አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የእናቴ በርታኛ ከዚያም ያነሰ፣ ሁለቱ ምን እንደሚያወሩ አላህ ነው የሚያውቀው፣ ግን እስኪመሽ ይሳሳቃሉ።

እናቴ ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት። ጤናዬን ጠየቀች፣ ብርዱን ጠየቀች፣ ሪቭካ ምሳ ትሰጠኝ እንደሆነ ጠየቀች። ወረቀት የሚባል ነገር አልሰማችም። በሩን መዝጋቷን ጠየቅኳት፤ "ምን ይመጣብኛል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"ይልቅ" አለች፣ "የሐሚድ እናት ዛሬ ቀረችብኝ። የምትወደውን የባሚያ ወጥ ሠርቼ ስጠብቃት ዋልኩ። እሷን የሚያመላልሳት የበርታው ባለባጃጅ ልጅም ጭራሽ ወደዚህ አልመጣም። አሟት ይሆን እንዴ? ነገ በጠዋት ሄጄ ልያት?"

ሐሚድ ፊቴን ያያል። አፌን ከፈትኩ።

"ሰዓዳ?" አለች እናቴ። "ይሰማሻል? ልሂድ?"